ፍሙ ቀለም አልተቀባም፦ ስለ ኤርታሌ የምሽት ፎቶግራፍ ለቀረበው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በጣና ዳር ካሉ ሆቴሎች በአንዱ የምግብ አዳራሽ ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ከላይ ወደ ጥቁርነት ያዘነበለ ሰማያዊ ሰማይ፣ ከሥሩ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ጥቁር ቅርፊት፣ በስንጥቆቹ መካከል ደግሞ ብርቱካናማ እሳት ይታያል። ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ኤርታሌ ላይ፣ ጀንበር ከጠለቀች ከ12 ደቂቃ በኋላ።

በቅርቡ አንድ የከተማችን ነዋሪ፣ እርሳቸውም ካሜራ የሚይዙ ሰው፣ ይህንኑ ፎቶግራፍ መነሻ አድርገው ረዘም ያለ ጽሑፍ አቅርበዋል። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ እንዲህ ያለው ቀለም በኮምፒውተር የተቀባ ነው፤ እሳተ ገሞራን በምሽት ማንሳት የጣናን ጀንበር ከማንሳት የተለየ ሙያ አይጠይቅም፤ ለምሽቱ ብርሃን አንድ ሰዓት ሙሉ ስላለ መጣደፍ አያስፈልግም፤ ዋናው ነገር ደፍሮ መቅረብ ነው፤ መሣሪያውን በተመለከተ ስልክ ይበቃል፤ በመጨረሻም እሳተ ገሞራ የአፋር እንጂ የጣና ዳር ሰው ጉዳይ ስላልሆነ የባሕር ዳር ፎቶ አንሺ ሐይቁን ቢያነሳ ይሻለዋል።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ጽሑፋቸው ግን ስድብ የለበትም፤ በቅንነት የተጻፈ መሆኑም ያስታውቃል። እኔም በዚያው መንፈስ ነጥብ በነጥብ እመልሳለሁ። ሥራዬ ሐሰት ተብሎ መጠራቱ አሞኛል፤ ይህን አልደብቅም። ብዕር እንዳነሳ ያስገደደኝ ግን ሌላ ነው፤ ከስድስቱ ነጥቦች አንዱ ሰው ሊያስገድል ይችላል ብዬ አምናለሁ። እርሱ ጋ ስደርስ ቆም እላለሁ።

ከቀለሙ ልጀምር። ጸሐፊው እንደ ነገሩን ኤርታሌን ያዩት በጠራራ ፀሐይ ነው። ከጠርዙ ቁልቁል ሲመለከቱ ያዩት ግራጫና ጥቁር ቅርፊት፣ ጢስ፣ አልፎ አልፎም ደብዘዝ ያለ ቅላት ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ ብርቱካናማ ከየት መጣ ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ያዩትም እውነት ነው። ከዚያ ተነስተው የደረሱበት ድምዳሜ ግን ልክ አይደለም።

ጽሑፉን ባነበብኩ ማግሥት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ካሜራዬን ይዤ በሐይቁ ዳር ቡና ወደሚያፈሉ አንዲት እናት ዘንድ ሄድኩ። ምድጃቸው ፀሐይ ላይ ነበር፤ ጀበናው ተጥዷል። ጎንበስ ብዬ ፍሙን አየሁት። አመድ የለበሰ ግራጫ ነገር ነው፤ የጠፋ ይመስላል። እሳት መኖሩን የሚናገረው የሚንተከተከው ጀበና ብቻ ነበር። እጄን ዘርጋ ሳደርግ ግን ወላፈኑ መለሰኝ። አንድ ፎቶ አነሳሁና ቁጭ አልኩ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለፈ፤ ሌላ ቡና ተቆላ። በመካከሉ ከሰል ተጨመረበት፤ እርሱም ተራውን ጠብቆ አመድ ለበሰ። ጀንበር ጠልቃ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ያው ምድጃ ውስጡ ተገለጠ። በከሰሎቹ መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ ብርቱካናማ ሆነ፤ ጫፍ ጫፉ ጠቆር ያለ ቀይ፣ አየር የሚያገኘው ቦታ ወደ ቢጫ የሚያደላ። የጀበናው ሥር ሳይቀር ቀላ። ደግሜ አነሳሁና ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን በካሜራው መስታወት ላይ ለባለ ቡናዋ አሳየኋቸው። «ልጄ፣ እሳቱማ ያው ነው፤ የመሸው ቀኑ ነው» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ አድርጌ መመለስ አልችልም።

የነገሩ አሠራር ይህ ነው። ማንኛውም ነገር በበቂ ሁኔታ ከጋለ ከራሱ ብርሃን ያወጣል። ከ600 ዲግሪ ሴልሺየስ አለፍ ሲል ጠቆር ያለ ቀይ ይሆናል፤ ወደ 1,000 ሲጠጋ ብርቱካናማ፣ ከ1,100 በላይ ሲሆን ወደ ቢጫ ያደላል። ኤርታሌ የሚተፋው ባዛልት የተባለው የአለት ዓይነት ሲሆን አዲስ ሲወጣ ሙቀቱ ከ1,100 እስከ 1,200 ዲግሪ ይደርሳል። ላዩ አየር ሲነካው ወዲያው ይቀዘቅዝና ይጠቁራል፤ ልክ አመድ እንደ ለበሰው ፍም። በየቤታችን የተዳፈነ እሳት የምንለው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የመጠን ነው። በቀን የፀሐይ ብርሃን ቅርፊቱ ላይ አርፎ ወደ ዓይናችን ሲመለስ የእሳቱን የራሱን ብርሃን ይውጠዋል። ሲመሽ ያ ሽፋን ይነሳል። የቀኑ ፎቶ የሚያሳየው ድንጋይ ላይ ያረፈ የፀሐይ ብርሃን ነው፤ የምሽቱ ፎቶ የሚያሳየው አለቱ ራሱ የሚያወጣውን ብርሃን ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ስለ እሳተ ገሞራው የበለጠ የሚነግረን ግን ሁለተኛው ነው፤ የቱ ጋ ትኩስ እንደሆነ፣ የቱ ጋ እንደ ቀዘቀዘ፣ ቅርፊቱ በየት በኩል እንደሚሰነጠቅና እንደሚንቀሳቀስ በግልጽ ይታይበታል።

አንድ ነገር ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ሰማዩ ሐምራዊ እስኪሆን፣ እሳቱ የቀለም ቆርቆሮ የተደፋበት እስኪመስል ድረስ በኮምፒውተር የተነካኩ ፎቶዎች አሉ፤ እኔም ሳያቸው ይከፋኛል። ከዚህም ሌላ ብዙዎች ሳያውቁት የሚሠሩት ስሕተት አለ። ካሜራ ብርሃንን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ከፍሎ ነው የሚመዘግበው። የላቫ፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ የሚወጣው ቅልጥ አለት፣ ብርሃን በአብዛኛው ቀይ ስለሆነ ቀዩ ቀድሞ ይሞላል። ከሞላ በኋላ መጨመር አይችልም፤ አረንጓዴው ግን ከሥር መጨመሩን ይቀጥላል። ቀይና አረንጓዴ ሲደመሩ ቢጫ ይሆናሉ። ስለዚህ ብዙ ብርሃን የገባበት ፎቶ ላይ ብርቱካናማው እሳት ሎሚ ይመስላል፤ ከዚያም ካለፈ ነጭ። ይህ ተንኮል አይደለም፤ ካሜራው ጨለማውን አካባቢ አይቶ ብርሃን አብዝቶ በመክፈቱ የሚመጣ ነው። መድኃኒቱ ካሜራው ከሚለው በአንድ ወይም በአንድ ተኩል ደረጃ አሳንሶ ማንሳትና የቀዩን ሂስቶግራም (የብርሃኑን መጠን የሚያሳየውን ግራፍ) ለብቻው እያዩ መሄድ ነው። ዋይት ባላንሱን (የነጭ ቀለም ማስተካከያውን) ደግሞ ለካሜራው አለመተው። ካሜራው ብርቱካናማ ሲያይ የቤት አምፖል እየመሰለው ሊያነጣው ይሞክራል። እኔ በቀን ብርሃን መለኪያ፣ 5,500 ኬልቪን ገደማ ላይ አስሬ ነው የማነሳው፤ የማስቀምጠውም በሮው ፋይል (ካሜራው ሳይነካካ በሚመዘግበው ጥሬ ፋይል) ነው። ሆቴሉ ግድግዳ ላይ ያለው ፎቶ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ እሳተ ገሞራን ማንሳት ከጣና ጀንበር አይለይም የሚለው፣ ለጣና ካለ ፍቅር የመጣ ይመስለኛል። ፍቅሩን እጋራለሁ። ከ20 ዓመት በላይ ጀንበር ወደ ዘጌ በኩል ስታዘቀዝቅ አንስቻለሁ። የደንገል ታንኳ ከፊቷ ሲያልፍ ጥላውን እንይዛለን፤ ደንገሉ ጥቁር፣ ቀዛፊው ጥቁር፣ ውሃው ወርቅ። እዚያ ብርሃኑ ያለው ሰማይ ላይ ነው፤ በየደቂቃው ይሸሻል፤ እኛም እያሳደድነው ሻተራችንን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) እናዘገያለን። እሳተ ገሞራ ዘንድ ነገሩ ይገለበጣል። መብራቱ መሬት ውስጥ ነው፤ መሸ ብሎ አይቀንስም። የሚወርደው ሰማዩ ነው። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ተክሎ የሚጠብቀው ሰማዩ ወርዶ ወርዶ ከእሳቱ ጋር የሚተካከልባትን ቅጽበት ነው።

ያን ዕለት ካነሳኋቸው ውስጥ ሦስቱን ልጥቀስ። የመጀመሪያውን ጀንበር ልክ ስትጠልቅ አነሳሁት፤ አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 200፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን) 8፣ ሻተር 1/60 ሰከንድ። ሰማዩ ያምራል፤ እሳቱ ግን ጥቁር ጨርቅ ላይ የወደቀ ቀይ ክር ያህል ነው። ሁለተኛው ከ12 ደቂቃ በኋላ ነው፤ አይኤስኦ 400፣ አፐርቸር 5.6፣ ሻተር 1/15 ሰከንድ። ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ፣ እሳቱ ብርቱካናማ፣ በጉድጓዱ ወዲያ ማዶ ያለው ግድግዳ ደግሞ ከሁለቱም ብርሃን ተካፍሎ ይታያል። ሦስተኛው ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተነሳ ነው። እሳቱ ድንቅ ነው፤ ነገር ግን በጥቁር ባሕር ውስጥ የተንጠለጠለ ይመስላል። ተራራ ይሁን ምድጃ አይለይም፤ ሰማይ የለም፣ ግድግዳ የለም፣ ጢሱም ከየት ወደየት እንደሚሄድ አይታወቅም። ለዚህ ነው መካከለኛው የተሰቀለው።

ይህ ወደ ሦስተኛው ነጥብ ያሻግረኛል። አንድ ሰዓት አለ የሚለው ምክር ከሌላ አገር የተወሰደ መሆን አለበት። በአይስላንድ በፋግራዳልስፍያል አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2021 እሳተ ገሞራ ሲፈስ በበጋው ወራት ብዙ ፎቶ አንሺዎች ወጥተው ነበር፤ እዚያ በሰኔ ፀሐይዋ ከአድማስ ዝቅ ብላ እንደ መንሳፈፍ ስለምትል ድንግዝግዙ ሌሊቱን ሙሉ ይቆያል። እኛ ግን ለምድር ወገብ የቀረብን ነን፤ ፀሐይ ወደ ጎን ሳትል ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ከጠለቀችበት ጀምሮ በመሬት ላይ ያለውን ነገር በግልጽ የምናይበት ጊዜ በባሕር ዳርም ሆነ በአፋር ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ነው። ከዚያ ውስጥ ሰማዩና እሳቱ የሚተካከሉት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ማንም የጣና ዓሣ አጥማጅ ይህን ያለ ሰዓት ያውቀዋል፤ ጀንበር ሳትጠልቅ ወደ ዳር ካልቀዘፈ የሚገባው በጨለማ ነው። ሌላም አለ፤ ኤርታሌ ከእኛ በስተምሥራቅ ስለሆነ ጀንበር እዚያ ቀድማ ትጠልቃለች፤ በታኅሣሥ ልዩነቱ ሩብ ሰዓት ይሞላል። በባሕር ዳር ሰዓት ተመርቶ የሚሄድ ሰው ትሪፖዱን (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያውን) ሳይዘረጋ ይመሽበታል።

በዚያ ላይ የጉዞው መርሐ ግብር ራሱ ለምሽት ፎቶ አልተሠራም። በዚያን ጊዜ መኪና የሚያደርሰው ከተራራው ሥር እስካለው የጉዞ ሠፈር፣ እስከ ዶዶም ነበር፤ ከዚያ ሙቀቱን ለማምለጥ ወደ ማታ ግድም ተነስቶ ሦስት፣ አራት ሰዓት በእግር ይወጣል። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ጨልሟል። ሌሊቱን አይተው፣ ጎሕ ሲቀድ ይወርዳሉ። እኔም የመጀመሪያውን ምሽት ያገኘሁት እንዲሁ በጨለማ ነው። የምፈልገውን ለማግኘት ሌሎቹ ሲወርዱ ከመሪዬና ከአንድ ጠባቂ ጋር ቀኑን እዚያው በድንጋይ ጎጆ ውስጥ ዋልኩ። ያ ቀን ረጅም ነበር፤ ውሃችን ፈልቶ የተቀዳ ይመስል ነበር። አንድ ቀን መጨመር የማይችል ሰው ንጋቱን ይጠቀም። ንጋት የምሽት ተገላቢጦሽ ነው፤ ሰማዩ ከታች ወደ ላይ እየወጣ ከእሳቱ ጋር ይተካከላል፤ ጊዜውም ያው ነው። በጽሑፉ ውስጥ ንጋት ጨርሶ አለመነሳቱ የሚቆጨኝ ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ድፍረቱ ልምጣ። ጸሐፊው ጥሩ ፎቶ የሚገኘው ሌሎች በቆሙበት ሳይቆሙ ወደፊት በመራመድ ነው ይላሉ፤ መሪዎች ከልክ በላይ ይፈራሉም ይላሉ። ይህን ዓረፍተ ነገር ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ወጣት ይህን አንብቦ አፋር ሊሄድ ይችላል።

ጃፓን ውስጥ ኡንዘን የሚባል እሳተ ገሞራ አለ። ግንቦት 26 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ እኛ አገር ሰው ሁሉ ስለ ግንቦት 20ው ለውጥ በሚያወራበት ሳምንት፣ ከዚያ ተራራ የወረደ የጋለ አመድ፣ ድንጋይና ጋዝ ጎርፍ 43 ሰዎችን ገደለ። ከእነርሱ መካከል ሞሪስና ካትያ ክራፍት ነበሩ፤ ከ20 ዓመት በላይ በዓለም ዙሪያ እሳተ ገሞራ ሲያነሱ የኖሩ ፈረንሳውያን ባልና ሚስት። የዕውቀት እጥረት አልነበረባቸውም። አብረዋቸው ካለቁት ብዙዎቹ ጋዜጠኞችና ፎቶ አንሺዎች ናቸው፤ እዚያ የተሰበሰቡትም ተራራው ፊት ለፊት የሚታይበት ቦታ ስለነበር ነው። ልቤን የሚነካው ግን ሌላው ነው። ከሞቱት መካከል ጋዜጠኞቹን ያመጡ የታክሲ ሾፌሮችና የእሳት አደጋ ሠራተኞችም አሉ። እነርሱ ፎቶ አልፈለጉም ነበር።

ኤርታሌ እንደ ኡንዘን አይደለም፤ ላቫው ቀጭንና ፈሳሽ ስለሆነ እንዲያ አይፈነዳም የሚል ይኖራል። በአብዛኛው እውነት ነው። ኤርታሌ የራሱ አደጋ አለው። አዲስ የረጋው ወለል ከላይ ቅርፊት፣ ከሥር ባዶ ነው፤ ሲረግጡት እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። መሪያችን ከፊት እየሄደ በዱላው እየመታ ድምፁን ያዳምጥ ነበር፤ ጥቅጥቅ ያለ ድምፅ ሲሰጥ እናልፋለን፣ ሲያስተጋባ እንዞራለን። የጉድጓዱ ጠርዝ ደግሞ ከላይ ሲያዩት ጠንካራ ይመስላል፤ ከጎን ሲታይ ብዙ ቦታ ከሥሩ ተበልቶ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። መሪያችን ከጎን አይቶ ሥሩ ያልተበላ ቦታ መረጠልን፤ ከጠርዙም መለስ አድርጎ አቆመን። አንድ ጊዜ ቅንብሩን ለማስተካከል ወደፊት ስራመድ ምንም ሳይናገር ተከትሎኝ መጣና አጠገቤ ቆመ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ እኔ በቀረብኩ ቁጥር እርሱም ይቀርባል። ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ለማንሳት የወጣ ሰው ሁሉ ይህን ማወቅ አለበት። ጀልባ ነጂው ከዚህ በላይ አልቀርብም ካለ ማንም አይሟገተውም፤ ውሃውን የሚያውቀው እርሱ ነው። የአፋር መሪም መሬቱን እንዲሁ ያውቃል።

ከእሳቱ ይልቅ የሚጎዳው ጋዙ ነው። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል፤ ያ እርጥበት ደግሞ በሳንባችንም በዓይናችንም አለ። ጉዞውን ያዘጋጀልኝ አስጎብኚ የጋዝ መከላከያ ጭንብል እንደሚያቀርብ ቃል ገብቶልኝ ነበር፤ እዚያ ስንደርስ የሰጠን ስስ የአቧራ ጨርቅ ሆኖ ተገኘ። ነፋሱ ዞሮ ጢሱ ሲመጣብን ጉሮሮዬን ክብሪት የተጫረበት ያህል አቃጠለኝ፤ ሳሉ ባሕር ዳር ከተመለስኩ በኋላም አልለቀቀኝም። ጭንብላችሁን ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ነፋሱንም ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ቁሙ። የትሪፖዴ ብሎኖች በጥቂት ወራት ውስጥ ዝገው ተጣበቁ። ሌንሴ ላይ የደረሰው የባሰ ነው። እዚያ አካባቢ ነፋስ የሚበትነው እንደ ፀጉር የቀጠነ የብርጭቆ ክር አለ፤ ቅልጡ አለት ሲረጭ እየተሳበ የሚፈጠር ነው። ሌንሴ ላይ ያረፈውን አቧራ መስሎኝ በሸሚዜ ጫፍ ጠረግሁት። ዛሬም መደርደሪያዬ ላይ ያለው ያ ሌንስ ብርሃን ላይ ሲያዞሩት ከመሐሉ ወደ ዳር የሄደ ጭረት ይታይበታል። የእሳተ ገሞራ አመድ የከሰል አመድ አይደለም፤ የተፈጨ ድንጋይና ብርጭቆ ነው። በጎማ መንፊያ ይነፋል እንጂ አይጠረግም። እዚያ ላይ ሌንስ መቀየርም ጨርሶ አይገባም።

መቅረብ ፎቶውንም ቢሆን አያሻሽለውም። ከጉድጓዱ የሚወጣው ሙቀት አየሩን ያንቀጠቅጠዋል፤ በረጅም ሌንስ ሲያነሱ ሁሉም ነገር ከምጣድ በላይ እንዳለ አየር ይርገበገባል። ጥርት ያለው ፎቶ የሚገኘው ነፋሱ ጢሱንና ወላፈኑን ወደ ማዶ ሲወስደው በትዕግሥት ጠብቆ ነው። ደግሞም እኔ የቆምኩበት ወለል ዛሬ እንደዚያ አይደለም። በጥር 2009 ዓ.ም. በጉድጓዱ ውስጥ የነበረው የላቫ ሐይቅ ሞልቶ በዙሪያው ፈሰሰ፤ ከዚያም ተራራው ሌላ ቦታ ላይ ተሰንጥቆ ቅልጡ አለት በዚያ ሲወጣ የሐይቁ ደረጃ በእጅጉ ዝቅ አለ። ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. እንደገና ፈነዳ። ትናንት ያስጠጋ ቦታ ዛሬ ያስጠጋል ማለት አይደለም።

ስልክ ይበቃል ስለሚለው ብዙ አልልም። የስልክ የሌሊት ዘዴ ለብዙ ሰከንድ ደጋግሞ አንስቶ ያጣምራል፤ የሚንቀሳቀስ ላቫ ላይ ይህ ስንጥቆቹን ያደበዝዛል። ሻተሩን በእጅ መቆጣጠር የሚያስችል ስልክ ትሪፖድ ላይ ከቆመ ግን ጥሩ ሥራ ይሠራል፤ እዚያ ያለ ስልክ ቤት ከተቀመጠ ካሜራ ይበልጣል። በዚያው አንቀጽ ውስጥ ፍላሽ ተጠቀሙ መባሉን ግን እቃወማለሁ። ፍላሽ ጥቂት ሜትር ነው የሚደርሰው፤ ሌንሱ ፊት ያለውን አመድ እያበራ ፎቶውን በነጭ ነጠብጣብ ይሞላዋል።

የመጨረሻው ነጥብ፣ እሳተ ገሞራ የእኛ ጉዳይ አይደለም የሚለው፣ ከሁሉም ይበልጥ ያስገረመኝ ነው። ጸሐፊው ይህን የጻፉት ባሕር ዳር ተቀምጠው ነው። ከከተማችን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደን የምናየው ጢስ ዓባይ የሚወረወረው ከምን ላይ ነው? ከረጋ ላቫ ላይ ነው። ጣናም ቢሆን ውሃው የተያዘው ጥንት የፈሰሰ ባዛልት መውጫውን ስለዘጋበት ነው። በእንጅባራ በኩል ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ ከመንገዱ ዳር የምናገኘው ዘንገና ሐይቅ የእሳተ ገሞራ አፍ ነው፤ ውሃ ሞላበት እንጂ። ቤት ስንሠራ መሠረት የምንጥልበት ጥቁር ድንጋይ፣ በየግቢያችን የምናነጥፈው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት ድንጋይ ሁሉ አንድ ጊዜ እንደዚያ ፎቶ ብርቱካናማ ነበር። አባቶቻችን ፏፏቴውን ጢስ እሳት ብለው ሲጠሩት ያዩት የውሃ ጢስ ነው። ኤርታሌ ደግሞ በአፋርኛ የሚጨስ ተራራ ማለት ነው። ሁለቱ ስሞች ጎረቤት ናቸው። እኔ ኤርታሌ ሄጄ የአገሬ መሬት ሲሠራ አየሁ፤ የጢስ ዓባይን ገደል ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አድርጌ አንስቼው አላውቅም። አሁን ከድንጋዩ እጀምራለሁ፤ ውሃው ቀጥሎ ይመጣል።

ደግሞ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። ከኤርታሌ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በዚያው ሰንሰለት ላይ ያለው ሃይሊ ጉቢ፣ ከዚያ በፊት ፈንድቶ የተመዘገበበት ታሪክ ያልነበረው ተራራ፣ አመዱን ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወረወረ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል እስከ ፓኪስታንና ሕንድ ደረሰ። በአፍዴራ አካባቢ መንደሮችና የግጦሽ መሬት አመድ ለበሱ። ያን ቀን የነበረውን ሁኔታ ለዓለም ያደረሱት ሳተላይቶችና ስልክ የያዙ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ከእኛ መካከል ሙያውን የሚያውቅ፣ ብርሃኑን የሚጠብቅ፣ በቂ ርቀት ላይ የሚቆምና ሰዓቱን በትክክል የሚመዘግብ ፎቶ አንሺ በብዛት ቢኖር ለጂኦሎጂ ባለሙያውም፣ ከብቱ ለተጎዳበት አርብቶ አደርም ማስረጃ ይሆናል። ባሕር ዳር ሰው የማሠልጠን አቅም አላት፤ ልምምዱም ከደጃችን ይጀምራል።

ለጸሐፊው አንድ ግብዣ አለኝ። የተጠራጠሩበት ፎቶ ሮው ፋይል፣ ከእርሱ በፊትና በኋላ ከተነሱት ጋር፣ ሰዓቱና የካሜራው መለኪያ ሁሉ እንደ ተመዘገበበት ጊዮርጊስ አካባቢ ባለችው ፎቶ ቤቴ ኮምፒውተር ውስጥ አለ። ይምጡና ራሳቸው ከፍተው ይዩት፤ የተጨመረ ቀለም ካገኙ ከሆቴሉ ግድግዳ ላይ በገዛ እጄ አወርደዋለሁ። ከ11 ሰዓት በኋላ ቢመጡ ደግሞ ከዚያው ተያይዘን ወደ ቡናው እንሄዳለን፤ ምድጃው እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት አይነሳም።